ክራይስት ቸርችን ከጡቡ ጀምሬ እንዴት አወቅኩት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ክራይስት ቸርችን ሳያየው አይቀርም። ዋሽንግተን ስትሪት ላይ ዛፍ የከበበው፣ የደወል ማማ ያለው የቀይ ጡብ ሕንፃ ነው። አብዛኞቻችን ስለሱ የምናውቀው ጆርጅ ዋሽንግተን ይሳለምበት እንደነበር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሕንፃው ራሱ ማወቅ ፈለግኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት ውጭውን ዞርኩ። ለዚህ ጠዋት ይሻላል፤ ፀሐይ ግድግዳውን በጎን ስትመታው የጡቡ አደራደር ጎልቶ ይታያል። አንዱ ጡብ በርዝመቱ ተኝቷል፣ ቀጣዩ በአጭር ጎኑ ብቅ ብሏል፣ ረድፉ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ፍሌሚሽ ይሉታል። ማዕዘኖቹ ላይ ፈዘዝ ያለ ድንጋይ አለ። እዚያው ቨርጂኒያ ካለው ከአኳያ ክሪክ የመጣ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ በኋላ ዋይት ሐውስም በዚሁ ድንጋይ ተሠርቷል። የግንባታው ውል ደግሞ የጡቡ ማያያዣ ሁለት እጅ ኖራ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን ይላል። ኮንስትራክሽን የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ ዛሬ የተለመደው አሸዋው እንዲበዛ ነው።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ሄድኩ። ኩዊን ስትሪት ያለው የከተማው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል አለው። እዚያ ስቀመጥ "ማን ሠራው?" የሚለውን ትቼ "ማን ከፈለ? በምን?" ብዬ ጀመርኩ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ክራይስት ቸርች ያለበት የፌርፋክስ ሰበካ የተቋቋመው በ1765 ነው። ያኔ ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ግብር ነው፤ እምነቱ ሌላ የሆነም ይከፍላል። ክፍያው በትምባሆ ነበር። ሰበካ ጉባኤው ለዚህኛውና ለሌላው የሰበካው ቤተ ክርስቲያን፣ ለፎልስ ቸርች፣ ሕንፃ በክብደት ከ30 ሺህ ፓውንድ በላይ የትምባሆ ግብር ጣለ። ግብሩ በሰው ቁጥር ይሰላል። ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ ባሪያዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ይቆጠራሉ። ከፋዩ ጌታቸው ነው፤ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚውሉት ግን እነሱ ናቸው። አስጎብኚዎች ስለ ዋሽንግተን መቀመጫ የሚያወሩትን ያህል ስለዚህ ቢያወሩ እወድ ነበር።

ንድፉ የጄምስ ሬን ነው። ጄምስ ፓርሰንስ በ600 ፓውንድ ገንዘብ ሊገነባ ተዋዋለ፣ ጀመረ፣ ሳይጨርስ ቀረ። ኮንትራክተር ያኔም ኮንትራክተር ነው! ጆን ካርላይል የተባለ ነጋዴ ሥራውን ተረክቦ በ1773 አስረከበ። መቀመጫዎቹ በር ያላቸው ሳጥን መሰል ናቸው፤ ለየቤተሰቡ ይሸጡም ነበር። ዋሽንግተን የራሱን በ36 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ገዛ።

ውስጥ ስገባ ዓይኔ ሥዕል ፈለገ። የኛን ቤተ ክርስቲያን የለመደ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል? ግድግዳው ነጭ ነው። ፊት ለፊት ግን ሬን ራሱ የጻፋቸው ሰሌዳዎች አሉ፤ ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ አባታችን ሆይ፣ የሐዋርያት የእምነት መግለጫ። በ1604 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ትእዛዛቱ ሕዝቡ በሚያያቸው ቦታ እንዲጻፉ ያዝዝ ነበር። ሥዕል በሌለበት ጽሑፉ ጌጥ ሆኗል።

ሌላው የተማርኩት ሕንፃውን በዕድሜ መከፋፈል ነው። ከሩቅ "ቤተ ክርስቲያን ነው" የሚያሰኘው ማማ የመጣው በ1818 ገደማ ነው። ዋሽንግተን አላየውም። ሰገነቱ የ1787 ነው። በመካከሉ አብዮቱ አለ። ነፃነት ሲመጣ የትምባሆው ግብር ቀረ፤ ካህኑን የሚያኖር ገንዘብ ጠፋ። በ1785 ዋሽንግተንን ጨምሮ የመቀመጫ ባለቤቶች በየዓመቱ 5 ፓውንድ ሊከፍሉ ፈረሙ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከእንግሊዝ ንጉሥ ተላቃ በ1789 ኤፒስኮፓል የምትባል የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ሆና ተደራጀች።

በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ሲይዝ የራሱ ካህናት ቅዳሴ ስላካሄዱበት ውስጡ ተረፈ። የደቡቡ ጦር አዛዥ ሮበርት ሊም የዚሁ አጥቢያ ልጅ ነበር። ለዋሽንግተንና ለሊ በ1870 የተሰቀሉትን የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ሰበካ ጉባኤው በ2017 ከመቅደሱ ግድግዳ እንዲወርዱ ወሰነ። ብዙ አከራከረ። በኔ እምነት ደግ አደረጉ፤ ሰዎቹ በታሪክ ክፍል ይነበቡ፣ ጸሎት ሲደረግ ግን ትእዛዛቱ ይበቃሉ።

መኪና ያለው ሰው የዚያን ዘመን ሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ባንድ ቀን ማየት ይችላል፤ መጀመሪያ የ1769ኙን ፎልስ ቸርች፣ ቀጥሎ ክራይስት ቸርችን፣ ከዚያ ሎርተን ያለውን ፖሂክን። ፖሂክ መጨረሻ ይሁን። በርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮች ውስጡን ስላወደሙት የዛሬው የውስጥ ክፍል በኋላ የታደሰ ነው። አስቀድሞ ክራይስት ቸርችን ያየ ሰው የቱ የድሮ፣ የቱ የጥገና ሥራ እንደሆነ ቶሎ ይለያል። የፖሂክ በር አጠገብ ያለውን ድንጋይም ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ወታደሮቹ የጫሩት ስም አሁንም ይነበባል።