ከሜሪላንድ እስከ ኦርላንዶ፣ ትሬለር ጎትቶ ከሕፃናት ጋር

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ቤተሰብ ልጆቹን ዲዝኒ ሊያሳይ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው ግን እኔ የምመክረው ትሬለር፣ ማለትም አልጋና መጸዳጃ ያለው ተጎታች ቤት፣ ጎትቶ መሄድን ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ቀትር ላይ ካልተኛ የከሰዓቱ ጊዜ ለማንም አይሆንም፤ ደህና አድርጎ የሚተኛው ደግሞ ትናንት ማታ ባደረበት አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ የእኛ እቅድ የሚነሳው ከአልጋው ነው። ጠዋት ፓርኩ ሲከፈት መግባት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ማስተኛት፣ አስር ሰዓት ገደማ መመለስ።

ይህ እንዲሆን ካምፑ ቅርብ መሆን አለበት። በ192 መንገድ ዳር፣ ኪሲሚ አካባቢ፣ ረከስ ያሉ ካምፖች አሉ። ነገር ግን ከዲዝኒ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም ሲኬድ መኪናው የሚቆመው ፓርኩ በር ላይ አይደለም። ትልቁ ማቆሚያ ላይ ትቶ፣ ሐይቁን በጀልባ ወይም በሞኖሬል ማለፍ ያስፈልጋል። ያንን ቀትር ላይ ሕፃን ታቅፎ ደርሶ መልስ ማድረግ እንቅልፉን ይበላዋል። ፎርት ዊልደርነስ ግን በ1971 የተከፈተ የዲዝኒ የራሱ ካምፕ ነው፤ 750 ኤከር ጫካ ውስጥ ሆኖ ከዳርቻው የሚነሳው ጀልባ በቀጥታ ማጂክ ኪንግደም በር ላይ ያወርዳል። እዚያ ላደረ ሰው የሌሎቹ ፓርኮች መኪና ማቆሚያም ነጻ ነው። ቦታ ሲያዝ ሙሉ ሁክአፕ ያለውን፣ ማለትም መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ ያለውን መምረጥ ነው። ካምፑ ውስጥ በግል መኪና መዞር ስለማይፈቀድ፣ ለጀልባው የቀረበ ቦታ ቢወደድም ከሕፃን ጋር ዋጋው ያዋጣል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ካልጀመሩ ከማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል በኋላ እስከ የካቲት አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ያሉት ሳምንታት ጥሩ ናቸው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ይያዝ። በጋው ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ የተለመደ ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ወቅትም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ ክብደት። የእኛ ሰው የሚነዳው የቶዮታ ሲዬና እስከ 2020 ሞዴል ድረስ 3,500 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ ከ2021 ወዲህ ያለው ሃይብሪድ ግን 1,500 ብቻ ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ግን የመጎተት አቅሙ ሳይሆን መኪናው በራሱ ላይ የሚሸከመው ነው። የሾፌሩን በር ክፈቱ፤ ተለጥፎ ያለው ወረቀት ላይ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ሊበልጠው የማይገባው ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1,200 ፓውንድ ቢል፣ ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች ከነካር ሲታቸው 550 ይሆናሉ። የትሬለሩ አፍንጫ (ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ጫፍ) መኪናው ላይ የሚጥለው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን ስላለበት፣ ለ3,000 ፓውንድ ትሬለር ከ300 እስከ 450 ይጨመራል። ስትሮለር፣ ማቀዝቀዣና ሻንጣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ውስጥ ነው የሚገቡት። ይህን ፈርቶ ዕቃውን ሁሉ ትሬለሩ ኋላ መጫን ደግሞ ይብሳል፤ አፍንጫው ቀሎ ትሬለሩ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከተወዛወዘ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ። ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የትሬለሩን ፍሬን ብቻ ሾፌሩ አጠገብ ባለው የእጅ መቆጣጠሪያ ቀስ ብሎ መጫን ነው። የውሃ ታንኩም ባዶ ይሁን፤ አንድ ጋሎን ውሃ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል።

መንገዱ ቀላል ነው። ኢንተርስቴት 95ን ይዞ እስከ ዴይቶና ቢች፣ ከዚያ ኢንተርስቴት 4። በጠቅላላው 850 ማይል ገደማ ስለሆነ ደቡብ ካሮላይና ላይ ፍሎረንስ ወይም ሳንቲ ማደር ግማሹን ያስጨርሳል። ብዙዎቹ የትሬለር ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት ለ65 ማይል ስለሆነ ከዚያ አትለፉ፤ ነፋሳቸውም ጠዋት ሳይሞቁ ይለካ። እየተጎተተ ባለ ትሬለር ውስጥ ልጅ አይተኛም፣ ማንም አይቀመጥም። ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ የሚመጡ ደግሞ ጋዝ ሲሊንደር ስለያዙ የባልቲሞርን ዋሻዎች መጠቀም አይችሉም። በዋሻዎቹ ፈንታ ያገለግል የነበረው የኪ ድልድይ በማርች 2024 ስለፈረሰ፣ ባልቲሞርን በሚዞረው 695 መንገድ በምዕራብ በኩል ይዙሩ።

ካምፕ ስትደርሱ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። በቅድሚያ ግራና ቀኙን በማስተካከያ እንጨት ማስተካከል፣ ከዚያ ጎማውን በሽብልቅ መያዝ፣ መኪናውን መፍታት፣ በመጨረሻ የፊቱንና የኋላውን ከፍታ ማስተካከል። መብራት ሲሰካ የካምፑ የመብራት ሳጥን ብሬከር ይጥፋ። ውሃውን በግፊት መቀነሻ በኩል ማስገባት ነው፤ ያለዚያ የውስጡ ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል።

ባለ 30 አምፕ ትሬለር በጠቅላላው የሚሸከመው 3,600 ዋት ነው። ኤር ኮንዲሽነሩ ብቻውን ከ12 እስከ 15 አምፕ ይወስዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ከሆነ 12.5 አምፕ ነው። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ በርቶ ከተገኘ ሁለተኛው እንጀራ ሳይነሳ ብሬከሩ ይወድቃል። ወይ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ማዞር፣ ወይ (እኔ የምመርጠው) እንጀራውን ቤት ጋግሮ በፍሪዘር መያዝ ነው። ሊጥ ይዞ መሄድማ አይታሰብ፤ በፍሎሪዳ ሙቀት ገንፍሎ ይፈሳል። ቡና በከሰል ማፍላት የሚቻለው ደጅ ብቻ ነው፤ በየካምፑ ቦታ ላይ የከሰል ጥብስ ማብሰያ ተተክሏል። ትሬለር ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል፣ መስኮት ቢከፈትም፣ ሽታ በሌለው ጋዝ ተኝተው ያሉ ልጆችን ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ከመነሳታችሁ በፊት ይሞከር።

ፓርኩ ጋ፣ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዲዝኒ በነጻ ይገባል። የልጁን ቁመት ቤት ለኩት፤ ከመጫወቻዎቹ ሰቨን ድዋርፍስ 38 ኢንች (97 ሴንቲ ሜትር)፣ ስፔስ ማውንቴን 44 ኢንች (112 ሴንቲ ሜትር) ይጠይቃሉ። ሰልፍ አስይዞ በር ላይ ከመመለስ የከፋ ለቅሶ የለም። ትንሹ ካልደረሰ፣ ለበረኛው ራይደር ስዊች ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ወላጅ ከታላቁ ጋር ሲገባ ሌላው ይጠብቃል፤ በኋላም ሙሉውን ሰልፍ እንደገና ሳይሰለፍ ይገባል። ስትሮለር ከ31 ኢንች ወርድና ከ52 ኢንች ርዝመት መብለጥ የለበትም፤ የሚጎተት ጋሪ አይገባም። አውቶቡስ ላይ መታጠፍ ስላለበት ባንድ እጅ የሚታጠፍ ይሁን።

የመጸዳጃው ጥቁር ታንክ ቫልቭ በቆይታችሁ ሁሉ ተዘግቶ ይቆይ። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ሄዶ ደረቁ ተቆልሎ ይቀራል፤ ልጆች የሚጥሉት እርጥብ መጥረጊያ ሲጨመርበት ይደፈናል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲሞላ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ግራጫውን (የገላና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ የሚጠራቀምበትን) ልቀቁ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ከዚያ መብራት ነቅሎ፣ ሽብልቁን መጨረሻ ላይ አንስቶ፣ ትሬለሩን አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ መነሳት ነው።