ኬዳርናት በእግር፣ ሺቫ በሸሸበት መንገድ

ህንድ የምትማሩ ልጆች ኬዳርናት እንዴት ሄድክ ስላላችሁኝ ልፃፍላችሁ። ቦታው ኡታራካንድ ሂማላያ ውስጥ ነው፣ ከፍታው 3,583 ሜትር፣ እንጦጦ ምን አላት ያስብላል። ሂንዱዎች ከሚሳለሟቸው 12 ጂዮቲርሊንጋዎች፣ ማለትም ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ዋና ዋና መቅደሶች፣ አንዱ እዛ ነው ያለው።

እኔን በጣም የጠቀመኝ ከጫማም ከጃኬትም በላይ ታሪኩን ቀድሜ መስማቴ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ሂንዱ ነው፣ ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። ፓንዳቫ የሚባሉት አምስት ወንድማማቾች ኩሩክሼትራ ጦርነት ላይ የገዛ ዘመዶቻቸውን ፈጅተው፣ የደም ዕዳ አለብን ብለው ሺቫን ይቅርታ ሊጠይቁት ይፈልጉታል፣ እሱ ግን ተቆጥቷል፣ ዓይናቸውን ማየት አልፈለገም፣ መንገዱ ላይ ያለችው ጉፕትካሺ ከተማ ይደበቅና በሬ ይሆናል። ቢማ፣ ጉልበተኛው ወንድም፣ ይነቃበታል። ሊይዘው ሲል በሬው መሬት ውስጥ ይሰምጣል፣ ሻኛው ብቻ ኬዳርናት ላይ ቀረ። ክንዱ ቱንግናት፣ ፊቱ ሩድራናት፣ እምብርቱ ማድያማሄሽዋር፣ ፀጉሩ ካልፔሽዋር ወጣ ይላሉ፣ አምስቱም ዛሬ መቅደስ ናቸው። ይሄን ካወቃችሁ ጉፕትካሺ ስትደርሱ ሻይ ጠጥታችሁ ብቻ አታልፉም።

መጀመሪያ ኦንላይን ሬጅስትሬሽን አለ፣ ያለሱ አያሳልፉም። ከሪሺኬሽ በመኪና ሶንፕራያግ፣ ከዛ በጋራ ጂፕ ጋውሪኩንድ፣ አምላኳ ፓርቫቲ ሺቫን ለማግባት ሱባኤ የያዘችበት የሚባለው። የተጋቡት እዛው አካባቢ ትሪዩጊናራያን ነው፣ የሰርጋቸው እሳት እስከዛሬ አልጠፋም ይባላል።

ከጋውሪኩንድ ወደ 16 ኪሎሜትር ዳገት ነው። ሄሊኮፕተርም አለ ግን በእግር ሂዱ። ሳይነጋ ውጡ፣ የዝናብ ላስቲክ ያዙ፣ ካሽም ያዙ። ዋናው አደጋ በቅሎ ነው ስላችሁ እንዳትስቁ፣ የድንጋይ ደረጃው በፋንድያና በውሃ ይሙለጨለጫል፣ እነሱ ደግሞ ተጭነው እየተጋፉ ነው የሚወርዱት፣ ሲመጡ ሁሌም ወደ ተራራው ተጠጉ፣ በገደሉ በኩል በፍፁም። እኔ ቁና ቁና ስተነፍስ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ አሮጊቶች ጥለውኝ አለፉ።

መቅደሱ ግራጫ ድንጋይ ነው፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ ውስጥ አልገባሁም፣ ውጪ ናንዲ የሚሉት የድንጋይ በሬ ጋር ጠበቅኩ። ጓደኛዬ የሻኛ ቅርፅ ያለውን ድንጋይ ቅቤ ቀብቶ እጁ ወዝቶ ወጣ፣ ለረጅም ሰዓት አላወራም።

ከጀርባ ቢም ሺላ የሚሉት ቋጥኝ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 ከላይ ያለው ቾራባሪ ሀይቅ ፈርሶ ጎርፉ ከተማውን ሲጠርገው በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፣ ይሄ ቋጥኝ ተንከባሎ መጥቶ ከመቅደሱ ኋላ ቆመና ውሃውን ለሁለት ከፈለው። ጓደኛዬ ተአምር ነው ይላል፣ እኔም ድንጋዩን ካየሁ በኋላ ለመከራከር ወኔው አልነበረኝም።

እዛው እደሩ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለጉልበት አይሆንም፣ ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ናዳ አለ፣ መስከረም ይሻላል። ዲዋሊ ከሚሉት የብርሃን በዓል በኋላ መቅደሱ ይዘጋል፣ የሺቫን ምስል እኛ ታቦት እንደምንሸኘው በሆታ አጅበው ለበረዶው ወራት ታች ኡኪማት ወደምትባል ከተማ ያወርዱታል። የሚከፈትበትን ቀን እዛው ኡኪማት በማሃሺቭራትሪ በዓል ነው የሚያሳውቁት፣ ትኬት ከዛ በፊት እንዳትቆርጡ።