ሃሸንጌ ሐይቅ ላይ ስደተኞቹን ዳክዬዎች እንዴት እንደለየሁ

ከኮረም ወደ ማይጨው ያለፈ ሰው ሃሸንጌን ያውቀዋል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተራራ የተከበበ፣ የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች ያርፉበታል።

እኔ የጀመርኩት ከእንግዶቹ ሳይሆን ከባለቤቶቹ ነው። ነሐሴ ላይ ሄጄ ዓመቱን ሙሉ አገር ውስጥ የሚኖሩትን፣ ይብራውንና ግንባሩ ነጭ የሆነውን ጥቁር የውሃ ወፍ፣ ዓይኔ እስኪለምዳቸው አየሁ። ከገዛሁት ባይኖኩላር ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጥቅምት ላይ ስመለስ ባዳው ወዲያው ይታየኝ ጀመር።

በብዛት የማየው መንቁረ ሰፊውን ዳክዬ ነው። ወንዱ ሲያምርበት ራሱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ ቀይ ቡናማ ነው። ሲመጣ ግን ላባውን ቀይሮ ሴቷን መስሎ ነውና በቀለም መለየት አይቻልም። ስለዚህ መንቁሩን አያለሁ፤ ጫፉ እንደ አካፋ ሰፊ ነው። አበላሉም ያጋልጠዋል። ብዙ ሆነው መንቁራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ክብ ሠርተው ይዞራሉ። የፊተኛው በእግሩ ያደፈረሰውን የኋለኛው ያጣራዋል፤ በመንቁሩ ጠርዝ የተደረደሩት ቀጫጭን ዘንጎች ውሃውን አሳልፈው ደቃቁን ምግብ ያስቀሩለታል። ይህን ሳይ ቁርስ ትዝ አይለኝም።

ለማየት ጠዋት፣ ነፋሱ ውሃውን ሳያናውጠው፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ ነው። ባይኖኩላር 8 በ42፣ ማለትም ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ይበቃል። ትልቁን ነገር ያሳየኝ ግን አንድ እረኛ ልጅ ነው፦ «ጋሼ፣ ከብቶቹ አጠገብ ቁጭ በል፤ ከብት አይፈሩም።» እውነቱን ነው፤ ብቻዬን ስጠጋ የሚሸሹት ከከብቶቹ ጋር ስሆን ዳር ድረስ መጡ።

ስቆጥር መጀመሪያ አሥር ወፍ የሚይዘውን ቦታ በዓይኔ እለካና መንጋውን በዚያ ልክ እከፋፍላለሁ። ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ እጽፋለሁ፤ በጥር በብዙ የአፍሪካ አገሮች የውሃ ወፍ ቆጠራ ስለሚካሄድ የዚያን ወር ጉዞዬን አላስታጉልም።

ለፎቶ ብሎ ድንጋይ ወርውሮ ማስነሳት ያሳዝነኛል። በመጋቢት ለሚጀምረው የመልስ ጉዞ ስብ የሚያጠራቅሙት እዚሁ ሲበሉ ነው፤ በተነሡ ቁጥር ያን ያቃጥሉታል። ወንዱን በሙሉ ቀለሙ ማንሣት የሚፈልግ ጥርን ወይም የካቲትን ይምረጥና ተቀምጦ ይጠብቅ።