ቁጥሩ የማይገጥም ጠመንጃ

ሐረር ጀጎል ያለው አጎቴ ከአያቴ የወረሰው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለው። ፈቃዱ የተሟላ ነው። ዘመድ ሁሉ ግን «የክፍሎቹ መለያ ቁጥር አይገጥምም፣ ከተለያየ ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው» ይለዋል። እስኪ ልየው ብዬ ከድሬዳዋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ጥይት እንደሌለው ሁለታችንም አየን። ከዚያ ለያየነው፤ አፈሙዙ፣ አካሉ፣ ከአፈሙዙ ሥር በእጅ የሚያዘው እንጨት። ዋናዎቹ ቁጥሮች ጠመንጃው ሲገጠም በሚደበቀው ብረት ላይ ናቸው። ብርጭቆ ወረቀት አላስነካሁትም፣ ጽሑፉን ይበላዋል። ዘይት የነካ ጨርቅ ይበቃል። የሞባይል መብራት ከጎን ሲበራ የደበዘዘው ሁሉ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብረት ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ መለያ ቁጥር አይደለም! አፈሙዙ ላይ 18.2 የሚል አለ፤ እሱ የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 12 የጥይቱ ልክ ነው። ዘውድ ያለበት ሞላላ ማኅተም የቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ የጦር መሣሪያ መፈተሻ ቤት ነው። ሊዬዥ ውስጥ አፈሙዙን አንዱ፣ እንጨቱን ሌላው በየቤቱ ይሠራው ስለነበር ባለሙያዎቹ ለመገጣጠሚያ የመቷቸው ትንንሽ ቁጥሮችም አሉ። እነዚህን ሁሉ ወደ ጎን ስንተዋቸው የአፈሙዙና የአካሉ መለያ ቁጥር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ቁጥሩ የተለየው በእጅ በሚያዘው እንጨት ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው። በሞረድ ተሞርዶ እንዲገጥም ተደርጓል፣ የሞረዱ ጭረት ይታያል። አጎቴ ይህን ሲያይ፣ አያቴ ድሬዳዋ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ እንዳሠራው ትዝ አለው። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። ዕቃ ከባሕር ማዶ በሚመጣበት ዘመን የተሰበረውን እዚሁ ያዳነ እጅ ነው፣ ሊከበር ይገባል።

የአጎቴ ልጅ «እንግዲያው ለሠርጌ ይተኮስልኛ!» አለ። በፍጹም አልኩት። አፈሙዙ በድሮው ጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተነ ነው፤ የዛሬ ጥይት የሚሞላበትን ጭስ አልባ ባሩድ እንደሚችል የሚያሳየው የአንበሳ ምልክት የለበትም። የዚያ ዘመን የጥይት ማረፊያ ርዝመት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 65 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬው የተለመደ ጥይት ግን 70 ነው። ቁጥር ገጠመ ማለት ይተኮሳል ማለት አይደለም።

አንድ ሰው የእንጨቱን ብረት ቁጥር ፍቆ ከሌላው ጋር እናመሳስለው፣ ዋጋው ይጨምራል ብሎን ነበር። አጎቴ እምቢ አለ። ሁለቱንም ቁጥር ጽፈን፣ ፎቶ አንስተን፣ ስለ ጥገናው አጎቴ ያስታወሰውን ጨምረን ከፈቃዱ ጋር አስቀመጥነው።