ፍየል ባለበት ግቢ ወጣት ሲሰበሰብ፦ አጥሩ ቀላል ነው፣ ዳቦው ነው ፈተናው

ፍየል ባለበት ግቢ ወጣት ሰብስቦ መጫወት ሲታሰብ የሚነሳው የአጥሩና የጩኸቱ ጣጣ አሁን ተቃሏል። ሙዚቃው ደምቆ ግቢው ሲሞላ ፍየሎቹ ጋደም ብለው ያመሰኳሉ፤ እንደ ሳቢያንና ከዚራ ላሉ የድሬዳዋ ሰፈሮች ግቢ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እስካሁን አልገራ ያለው የእንግዳ እጅ ነው፣ ዳቦ የያዘ እጅ።

አጥሩን ባጭሩ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ20 አይነስ፣ በአጠገቡ ወንበርም የለስላሳ ሣጥንም አይቀመጥ፤ መወጣጫ ያገኘች ፍየል አጥር አያቆማትም። በእንጨቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ጭንቅላት የሚያስገባ ከሆነ ቀንዱ መውጫ ያሳጣታል፣ ስለዚህ አጥብቡት። የበሩን መንጠቆ በከንፈሯ አንስታ ትከፍተዋለች፤ ሰንሰለት አዙሩና በውጭ በኩል በጓጉንቸር ቆልፉ። አስሮ ማቆየትን የሚመክሩ አሉ፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፦ ሰው በሚራወጥበት ግቢ ገመድ እግር ይጠልፋል፣ ደንግጣ ከዘለለች ደግሞ ራሷን ታንቃለች። አንዷን ነጥሎ መዝጋትም አይሆንም። ብቻዋን የቀረች ፍየል እስክትገናኝ ድረስ ትጮኻለች። ስፒከሩ ጀርባውን ለበረቱ ይስጥ፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ባትጀምሩ ይሻላል።

ወደ ዳቦው። «ፍየል ምን የማትበላው አለ?» የሚለው ወሬ ነው ጠንቁ። አንዱ ቁራሽ ዳቦ፣ ሌላው ሩዝ፣ ሌላዋ እፍኝ ፈንድሻ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ናት፣ ለፍየሏ ግን የሁሉም ድምር ነው። ትልቁ ጨጓራዋ የለመደው ሣርና ቅጠል በዝግታ ማብላላት ነው። ያልለመደችው ዳቦና እህል በብዛት ሲገባ በፍጥነት ይቦካና አሲድ ይሆናል፣ አሲዱም ሣሩን የሚያብላሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላል። ክፋቱ ማታውኑ አለመታወቁ ነው። ሰው በሰላም ተሸኝቶ ያድራል፣ ጠዋት ፍየሏ መኖ አትቀርብም፣ አታመሰኳም፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ያስቀምጣታል።

ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ እጃችሁን በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ኋላ ባለው ስርጉድ ላይ አሳርፉ። የጤነኛዋ ጨጓራ በደቂቃ 1 ወይም 2 ጊዜ ከእጃችሁ ሥር ሲንከባለል ይሰማል። ዝም ካለ፣ ወይም ገፋ ስታደርጉት ውሃ እንደተሞላ ስልቻ ከተንቦጫረቀ፣ እህል የሚባል ነገር አታሳዩአት፤ ደረቅ ሣር ብቻ አስቀምጡና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ስርጉዱ ሞልቶ ከተወጠረና ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ እስከ ጠዋት የሚባል ነገር የለም፣ በዚያችው ሰዓት ነው። መድኃኒት በአፍ ስትሰጡ አፍንጫዋ ከዓይኗ በላይ ከፍ አይበል፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

«እባካችሁ አትመግቡ» ብሎ መለጠፍ ግን፣ አቦ፣ ማን ያነበዋል? እኛ ጋ የሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ደረቅ ሣር ወይም የማሽላ አገዳ እስኪበቃቸው መስጠት። ጠግባ የተኛች ፍየል አጥር ላይ ተንጠልጥላ አትለምንም። አገዳው የደረቀ ይሁን፤ ለጋ ወይም ድርቅ ያጠወለገው እርጥብ ማሽላ መርዝ ይይዛል። ሁለተኛ፣ መስጠት ለሚወድ ሰው የሚሰጠውን ማዘጋጀት፦ ሉኪንያ ወይም ሰስባንያ የሚባሉት የመኖ ዛፎች ቅጠል በእፍኝ በእፍኝ ታስሮ፣ የሀብሐብ ልጣጭ በቀጭኑ ተከትፎ። ካሮት ካለ በቁመቱ ሰንጥቁት፣ ክብ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል። ሳህኑ በረቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ የሰው ምግብ ግን ከግቢው ማዶ። ሳህኑ ካለቀ አለቀ፣ አይሞላም።

የባቢሌ ለውዝ ካቀረባችሁ በጎድጓዳ ሳህን አቅርቡ፣ በፌስታል አይሁን። ጨው የነካው ፌስታል ለፍየል ምግብ ነው፤ ጨጓራ ውስጥ አይሟሟም፣ እየተጠራቀመ መንገድ ይዘጋል፣ እሷም በልታ እየዋለች ትከሳለች። ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲ በየማዕዘኑ ይኑር፣ መጠረጉ ደግሞ በረቱ ከመከፈቱ በፊት ይለቅ።

ገራባ፣ ማለትም ከተቃመ ጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት ላይ ሰው አይግባባም። የድሬና የሐረር ፍየል ገራባ ስትበላ ነው ያደገችው፣ እውነት ነው። ሆኖም ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ገበሬዎች አሉ፣ የትኛው እስር እንደተረጨ ደግሞ በዓይን አይለይም። በተለይ ለምታጠባና ለምትታለብ ፍየል እኔ አልሰጥም። የምትሰጡ ከሆነ የታሰረበትን ላስቲክ እስከ መጨረሻው ፈትታችሁ አውጡ።

እጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ከበረቱ መውጫ ላይ ይሁን። ምግቡ ጋ ካደረጋችሁት ግልገል ያቀፈው ሁሉ ሳይታጠብ ሳምቡሳ ያነሳል።