ምስሉ ደህና ነው፣ ፎልደሩ ነው የተሳሳተው

አንድሮይድ አፕ ላይ ምስል ከደበዘዘ፣ ወይም አፑ ሜሞሪ ጨርሶ ድንገት ከተዘጋ፣ ግራፊክስ የሠራውን ሰው ከመውቀስዎ በፊት ምስሉ የተቀመጠበትን ፎልደር ይዩ።

መለኪያው ዲፒ ነው፤ ይህም ከስክሪኑ ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ካሉት የፒክስሎች ብዛት) ጋር የሚመጣጠን የርዝመት መለኪያ ነው። 160 ዲፒአይ ባለው ስክሪን 1 ዲፒ 1 ፒክስል ነው፤ በ320 ሁለት፣ በ480 ሦስት፣ በ640 አራት ይሆናል። ስለዚህ ወርዱ 720 ፒክስል የሆነ ባለ 320 ዲፒአይ ስልክና ወርዱ 1080 የሆነ ባለ 480 ዲፒአይ ስልክ ሁለቱም 360 ዲፒ ናቸው። ፒክስል ሲጨምር ምስሉ ይጠራል እንጂ ቦታው አይሰፋም። ለየዲፒአይው (160፣ 240፣ 320፣ 480 እና 640) የተለየ የምስል ፎልደር ስላለ፣ 48 ዲፒ አይከን በየፎልደሩ 48፣ 72፣ 96፣ 144 እና 192 ፒክስል ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን 1080 በ1920 የሆነ የጀርባ ፎቶ ስሙ ላይ የዲፒአይ ቅጥያ በሌለው «ድሮዌብል» የምስል ፎልደር ውስጥ ጣል አደረጉት እንበል። ሲስተሙ የ160 ዲፒአይ ምስል ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ 480 ዲፒአይ ስልክ ላይ ወርዱንም ቁመቱንም ሦስት እጥፍ ያሳድገዋል። እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፤ 8 ሜጋባይት የነበረው 75 ሜጋባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው። «ፋይሉ እኮ 200 ኪሎባይት ብቻ ነው» ማለት አያዋጣም፤ ሜሞሪ ላይ የሚወጣው ተፈትቶ ነው። ራሙ ትንሽ በሆነ ስልክ ላይ ይህ አፑን ሊዘጋው ይችላል። ፎቶውን ወደ «ኤክስኤክስኤችዲፒአይ» (የ480 ዲፒአይ ፎልደር) ወይም ጭራሽ ወደማይለጠጥበት «ኖዲፒአይ» ያዛውሩት።

ለአይከንና ለቀላል ቅርጽ ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ መግለጫ የሚሳል ምስል) ይበቃል፤ አንዱ ፋይል ለሁሉም ስክሪን ይሆናል። ከ200 በ200 ዲፒ ካለፈ ግን ለመሳል ጊዜ ይፈጃል። ለፎቶ ዌብፒ የተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ይሻላል።

የቻት አረፋን የመሰለ የሚለጠጥ ነገር በናይን-ፓች (የትኛው ክፍሉ እንደሚለጠጥ ጠርዙ ላይ ምልክት በተደረገበት ምስል) ይሠራል። በዙሪያው ባለ 1 ፒክስል ጠርዝ ላይ ከላይና ከግራ የሚሰመረው ጥቁር መስመር የሚለጠጠውን ክፍል፣ ከቀኝና ከታች ያለው ደግሞ ጽሑፉ የሚያርፍበትን ያሳያል። መስመሩ ድፍን ጥቁር ካልሆነ፣ ትንሽ ግራጫ እንኳ ቢነካው፣ ቢልዱ (ኮዱንና ምስሉን ወደ አፕ የመቀየሩ ሥራ) ይከሽፋል።

የአፑ አይከን ከአንድሮይድ 8 ወዲህ 108 በ108 ዲፒ ነው፤ አንዱ ስልክ በክብ፣ ሌላው በአራት ማዕዘን ይቆርጠዋል። ሎጎው መሃል ካለው 66 ዲፒ ክብ አይውጣ።

የአማርኛ ጽሑፍ ምስል ላይ አይጻፍ። ተጠቃሚው ፊደል ሲያሳድግ አብሮ አያድግም፤ ወደ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ሲተረጎምም ምስሉን እንደገና መሥራት ግድ ነው። ጽሑፉ በኤስፒ (ተጠቃሚው ከመረጠው የፊደል መጠን ጋር በሚያድግ መለኪያ) ለብቻው ይቀመጥ።

ሲሞክሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የዲስፕሌይ መጠኑን ወደ ትልቁ ይግፉት። ያው ስልክ ወርዱ በዲፒ ይጠብባል፤ ጎን ለጎን የተደረደሩት አዝራሮች መጀመሪያ የሚጋፉት እዚያ ነው።