ሥጋው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ቅቤ ነው

ካለፈው ዓመት ፋሲካ ወዲህ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ አልበላሁም። ወተቱ ላይ ገና ነኝ፤ እሱን ወደ መጨረሻ አወራችኋለሁ። አሁን ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ነገር ስለተሳካልኝ ነው። ጉራ ነው ብትሉም አይከፋኝም።

አጀማመሬ ብዙ ወሬ የለውም። ዓቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ጾምኩ። ፋሲካ ሲደርስ እንደ ወጉ ተልባ ጠጥቼ ለዶሮው ተዘጋጀሁ። ዶሮው ቀረበ፤ አላማረኝም። በማግስቱም አላማረኝም። የሥጋ ዋጋ የት እንደደረሰ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ለበዓል ግቢያችን የሚታሰረውን በግ ስም አውጥቼለት የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። ይሄ ሁሉ ተደማመረና ጾሙን ሳልፈታው ቀረሁ።

እማዬ “ስዕለት አለብሽ እንዴ?” አለች። አክስቴ “ጨጓራዋን ነው፣ ልትነግረን ፈርታ ነው” ብላ ደመደመች። መሥሪያ ቤት ደግሞ ክብደት ልትቀንስ ነው ተባለ። መጀመሪያ ሰሞን አስረዳ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። ሰው ቤት ስትጠሩ ማስረዳቱን ትታችሁ የምትበሉትን ሠርታችሁ ሂዱ። ለሰውም እንዲተርፍ አድርጉት። አዚፋ ይዛችሁ ስትገቡ ክርክር የሚያነሳ የለም፤ ሰናፍጩ አፍ ያዘጋል።

እኛ አገር ይሄ ነገር ቀላል ነው የሚባለው እውነትም ውሸትም ነው። ጾሙን በሥርዓት ለሚጠብቅ ሰው የጾም ቀኖቹ በዓመት ከ180 አያንሱም። ግማሹን ዓመት አገሩ በሙሉ ያግዛችኋል። በያይነቱ በየመንደሩ አለ፤ ኬክ ቤቱ የጾም ኬክ ይጋግራል፤ ማንም ምን ሆናችሁ አይላችሁም። ፈተናው የሚመጣው በበዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ሆቴሎቹ በያይነቱን ከሜኑ ያነሱታል። እኔ የጀመርኩት ደግሞ ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ብልጥ ሰው በኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ተደግፎ ይለምዳል።

ያን ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ከአስተናጋጆች ጋር የነበረኝ ንግግር ሁሌ አንድ ነው።

“ሽሮው ቅቤ አለው?”

“የለውም እህቴ።”

ይመጣል። ሽታው ገና ከሩቅ ይጣራል።

“ቅቤ አለው እኮ!”

“ለጣዕም ያህል ነው፣ ትንሽ ናት።”

ለእነሱ ቅቤ ማለት ከላይ ጣል የሚደረገው ነው። ሲሠራ የገባው አይቆጠርም። ስለዚህ “ቅቤ አለው?” ብላችሁ አትጠይቁ። “በዘይት ብቻ ነው የተሠራው?” በሉ። ጎመኑንም ጠይቁ፤ ከሽሮው በላይ የሚያታልለው ጎመን ነው።

ውጭ ያለው እንዲህ ከሆነ ቤት መሥራት ነው ብዬ ገባሁበት። ዋናው ችግር የተጀመረው እዚያ ነው። ሥጋ ሲቀር የጎደለ ነገር አልተሰማኝም። ቅቤ ሲቀር ግን ወጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ድንቹም በርበሬና ዘይት ብቻ። በጾም ወቅት ይሄ አይሰማም፤ ሊፈታ ነው ብላችሁ ትችሉታላችሁ። መፍቻ ቀን የሌለው ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው።

ቆይቼ የገባኝ፣ ናፈቀኝ ከምለው የቅቤ ሽታ ብዙው የቅመሙ ነው። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው። ታዲያ ዘይቱን ለምን እንደ ቅቤ አላነጥረውም? ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ዘይት በቅመም አብስለው የሚያስቀምጡ እናቶች አሉ። በየቪዲዮው የሚታየው አሠራር ግን ዘይቱን አግሉና ቅመሙን ጨምሩ ነው። በዚያ መንገድ ጥቁር አዝሙዱ ይመራል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ዳር ዳሩ ይጠቁራል፣ ኮሰረቱ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። እሳት ቀነስኩ፤ ያው። ምጣድ ለወጥኩ፤ ያው።

መልሱ ያለው ቅቤው ላይ ነው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ። ስታነጥሩት መጀመሪያ የሚንጨረጨረው ያ ውሃ ነው። ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ቅቤው ከውሃ መፍያ ብዙም አይግልም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ገና በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቅመሙ በዚያ ሙቀት ቀስ ብሎ ሽታውን ይሰጣል እንጂ አያርም። ዘይት ግን ጠብታ ውሃ የለውም። እሳት ላይ ሲወጣ የሚይዘው ስለሌለ ወዲያው 150ን አልፎ ይሄዳል። ቅመም ለማረር ከዚያ በላይ አይፈልግም።

ስለዚህ ዘይቱን ውሃ ሰጠሁት። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር ዘይት አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል በአንድ ስኒ ውሃ እፈጨዋለሁ። ይሄንን ከቀዝቃዛ ዘይት ጋር አንድ ላይ እጥዳለሁ። ቀዝቃዛ ያልኩትን ልብ በሉ፤ የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ያለው ነገር ብትደፉ ፊታችሁ ላይ ነው የሚፈነዳው። ቁንጥር እርድ ለመልኩ። አብሽ ለስለስ አድርጌ ቆልቼ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ነጭና ጥቁር አዝሙድ ትንሽ ትንሽ። እሳቱ ዝቅተኛው ላይ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ሥራው የጆሮ ነው። መጀመሪያ አረፋ ይነሳል፣ ቦክ ቦክ ይላል። ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ሰፊው ቦክ ቦክ ወደ ቀጭን ጭስስ ሲለወጥ ውሃው ሊያልቅ ነው ማለት ነው። አረፋው ይሰበሰባል፤ የሽንኩርቱ ፍጭት ከታች ወርቅማ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ስልክ አታንሱ። በርበሬ ወጥ ላይ እንደለመድነው “ትንሽ ደግሞ ይብሰል” አይሠራም። ወዲያው አውርዱት። ኮሰረት፣ በሶብላና ደቆቅ ያለ ኮረሪማ የሚገቡት ከወረደ በኋላ ነው። ክዳኑን ግጠሙና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። በጨርቅ አጥልሉት። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ከፍሪጅ ውጪ መቀመጥ የለበትም፤ በሽታ ያመጣል። ትንሽ ትንሽ እየሠራችሁ ቶሎ ጨርሱት።

ስለ ዘይቱ ዓይነት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ጠዋት ሲያዩት ቅቤ ይመስላል፤ አፍ ላይ ግን ይጣበቃል። የኑግ ዘይት እወዳለሁ፤ ጎመን ላይ የሚያህለው የለም። ግን የራሱ ሽታ ስላለው ኮሰረቱን ይውጠዋል። ለዚህ ሥራ የሱፍ ዘይት ይሻላል። በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውን የአትክልት ቅቤ የምትሉኝ አላችሁ። ሞክሬዋለሁ፤ ሽታው ከኩሽና ሳይሆን ከፋብሪካ ነው። ከገዛችሁም ጀርባውን አንብቡ፤ ወተት ነክ ነገር ያለበት አለ።

ባለፈው እሁድ በዚህ ዘይት ተጋቢኖ ሠርቼ እማዬ ቤት ወሰድኩ። አክስቴ ሁለቴ ጠቅሳ ቆም አለችና “ይሄ ቅቤ ከየት ነው የመጣው?” አለች። ቅቤ የለውም አልኳት። “አንቺ ልጅ፣ አትዋሺኝ” ብላ ድስቱን አሸተተች። ጉራ ያልኳችሁ ይሄ ነው።

ሙሉ በሙሉ ቅቤ ሆነ ማለቴ ግን አይደለም። የኛ ቅቤ ከእርጎ ስለሚናጥ ውስጡ ያች ቀለል ያለች ኮምጠጥ ማለት አለች። እሷን ዘይት አይሰጥም። ሽሮ ላይ የተቆላ ሰሊጥ ፈጭቼ ማንኪያ ስጨምር ውፍረቱን ያገኛል፤ ኮምጣጣዋን ግን ገና አላገኘኋትም። ክትፎ ለለመደ ሰውም የሚሆን መላ የለኝም። በንጥር ዘይት የተለወሰ እንጉዳይ ጥሩ ምግብ ነው፤ ክትፎ ነው ማለት ግን ራስን ማሞኘት ነው። በወጥ ውስጥ የሚገባው የሶያ ሥጋም እንደዚያው። ስፖንጅ ነው። ሥጋ መሰል ነገር ካማራችሁ የሽምብራ ዓሣ ሥሩ። ዱቄቱን ለውሳችሁ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ጠብሳችሁ ቁሌት ውስጥ መጨመር ነው። ስሙ ዓሣ ይሁን እንጂ ማንንም ለመምሰል አይለፋም።

ጤናውን በአጭሩ። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ጤናማ አይደለም፤ ምሳ ቤት የምንበላው በያይነቱ በዘይት የሚዋኝ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደንብ አቁላሉት፤ ዘይቱ በኋላ ይግባ። ደግሞ አንዳንዱ ሰው “አባቶቻችን ጾመው ኖረዋል” ይላል። ኖረዋል፤ ግን ፈተውም ነበር። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም። ጤፍም፣ የቦካ እንጀራም አይሰጡትም። ጉበት ለረጅም ጊዜ ስለሚያጠራቅመው ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም፤ የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ እኔ ኪኒኑን እወስዳለሁ። እርጉዝ የሆነች፣ የምታጠባ ወይም መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ግን እኔን ሳይሆን ሐኪም ይጠይቅ።

ብረትም አለ። ምስርና ጤፍ ብረት አላቸው፤ ሰውነት ግን የዕፅዋትን ብረት በቀላሉ አይወስድም። የሊጡ መቡካት በዚህ በኩል ይረዳል። ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅም ይረዳል። የሚያበላሸው እጅ ታጥበን ሳንጨርስ የሚቀርበው ቡና ነው። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቁ ይባላል። እኔ የማደርገው ቤት ብቻዬን ስሆን ነው። እማዬ ቤት ረከቦቱ ቀርቦ “አንድ ሰዓት ቆዩልኝ” የምል ደፋር አይደለሁም።

ወደ ወተቱ ልምጣ። ጠዋት ማኪያቶ እጠጣለሁ። የጾም ማኪያቶ እያለ፣ ከሥራ ቦታዬ ፊት ለፊት የሚሠሩት ደግሞ ጥሩ አድርገው እየሠሩት፣ የምጠጣው የወተቱን ነው። በጾም ጊዜ እተወዋለሁ፤ ሲፈታ እመለሳለሁ። ቪጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) ነኝ የማልለው ለዚህ ነው። “ሁሉንም በአንድ ቀን ካልተውሽ አልተውሽም” የሚሉ አሉ። ይሄ አባባል ከቅበላ ወደ ፋሲካ እየዘለለ ለሚኖር ሰው ይሆናል። እኔን ቢሰሙኝ አንድ በአንድ ነው የሚያዋጣው፤ መጀመሪያ የማይከብደውን።

አሁን የያዝኩት አይብ ነው። ጎመን በአይብ ሲቀርብ እጄ ይሄዳል። አኩሪ አተር አሳድሬ ዘፍዝፌ፣ ልጬ፣ ፈጭቼ፣ አጥልዬ ወተቱን አፈላለሁ። ከዚያ ሎሚ ስጨምቅበት ይቋጥራል። በጨርቅ ቋጥሬ ሳንጠለጥለው መልኩ ቁርጥ አይብ ነው። ችግሩ ጣዕሙ ነው፤ የአኩሪ አተሩ ጠረን አይለቅም። በሙቅ ውሃ ማጠብ ትንሽ ቀነሰልኝ። ጨው፣ ቁንጥር ኮሰረትና ከዚያው ዘይት አንድ ማንኪያ ስጨምርበት ከጎመንና ከሚጥሚጣ ጋር ያልፋል። ብቻውን ግን እኔም አልበላው። ጠረኑን የሚያጠፋ መላ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።